ከውሃ በታች ሦስት ጊዜ

ጁነይዲን አባቱ ኢሳ ወደ በሽሎ ወንዝ የወረወረው አምስት ዓመት ሳይሞላው ነው። ወገቡን በጠፍር አሰረው፣ የጠፍሩን ጫፍ በገዛ ክንዱ ላይ ጠመጠመ፣ «ቢስሚላህ» አለና አሽቀንጥሮ ጣለው። ልጁ ሰጠመ፤ ብቅ ብሎ ጮኸ፤ ውሃ ጠጣ፤ ደግሞ ሰጠመ። እናቱ ኑሪያ ዳር ቆማ ደረቷን ትደቃለች። ኢሳ ጠፍሩን አልሳበም። «ተይው፣ እጁን ይፈልግ» አላት። «እጁን ካገኘ ይወጣል።» ልጁ አፍንጫው እየደማ፣ ሆዱ በውሃ ተነፍቶ፣ እጁን አገኘና ወጣ። በማግስቱም ወረወረው።

በኢሳ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ሰውየው ወገዳ ከተማ የሚኖር እስላም ነጋዴ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ እስላም ንግድ እንጂ ርስት አልነበረውም። ጎረቤቱ ገበሬ ለልጁ መሬትና በሬ ሲያወርስ፣ ኢሳ የሚያወርሰው ጥጥና አሞሌ ይዞ ወደ ወሎ ሲመላለስ ጠባዩን ያጠናውን ያንን ወንዝ ብቻ ነው። «የኔ ልጅ ርስቱ ውሃ ነው» ይል ነበር። «ይህን ደግሞ ማንም አይነቅለውም።» ተሳስቷል። የሚነቅል መጣ፤ ማን እንደሆነ ኋላ ትሰማላችሁ።

ልጁ አደገ። አንገቱ ወፍራም፣ ትከሻው ሰፊ፣ መሬት ላይ ሲሄድ የሚያነክስ የሚመስል፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን የሚያምርበት ሰው ወጣው። ያኔ በሽሎ ድልድይም ታንኳም አልነበረውም፤ በክረምት የሚያሻግረው ሰው ነው። መንገደኛው ልብሱን ጠቅልሎ ራሱ ላይ ያስራል፣ በተነፋ የፍየል ስልቻ ላይ በደረቱ ይተኛል፤ ዋናተኛው ከጎኑ ሆኖ በአንድ ክንዱ ስልቻውን እየገፋ በሌላው ይዋኛል። ከላይ በኩል ይገባሉ፣ ወንዙ እያንሸራተተ ከታች በኩል ያወጣቸዋል። ለመንገደኛው አንድ ነገር ብቻ ይነገረዋል፦ ውሃውን አትይ፣ ማዶ ያለችውን ሾላ እይ። ውሃውን ያየ ይደነብራል፤ የደነበረ የዋናተኛውን አንገት ያንቃል፤ ከዚያ ለቅሶው ከሁለት ቤት ይሰማል።

ከዋናተኞቹ አንዱ አለቃ ነው። በክረምት ያለ እሱ ቃል ማንም አይሻገርም፣ የሚሠሩትንም የሚመርጠው እሱ ነው፤ ስለዚህ አለቅነቱ እንጀራ ነው። ይህን አለቃ ምስለኔው አይሾመውም። የሚሾመው በሬው ነው።

በሬው ድንጋይ ነው። ከመሻገሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ወንዙ ሰፍቶ ጥልቅ ባሕር ይሠራል፤ መካከሉ ላይ ጥቁር ዓለት እንደ በሬ ሻኛ ብቅ ብሏል። ዳሩ ላይ ደግሞ ሙቅ ምንጭ አለ። ጥር ላይ ጥምቀት ሲያልፍ፣ አዝመራው ተወቅቶ ጎተራ ገብቶ፣ ወባውም ጋብ ሲል፣ ደገኛው ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ቆላው ይወርዳል። በዛፍ ቅጠል ጎጆ ቀልሶ ሦስት አራት ቀን ይሰነብታል። ወገብና ጉልበት የሚያማቸው ሽማግሎች በሙቁ ምንጭ እስከ አንገታቸው ተዘፍዝፈው ነገር ያላምጣሉ። ጎረምሳው ከገደሉ አናት እየዘለለ ባሕሩ ውስጥ ይወድቃል፤ በሆዱ የወደቀ ቆዳው እንደ ተገረፈ ሰው ቀልቶ ይወጣል፣ ዳር ያለው ሁሉ ይስቅበታል። ሴቶቹ ጠላ ይቀዳሉ፣ በልባቸውም ባል ይመርጣሉ። በመጨረሻው ቀን በሬ መያዝ ይሆናል።

ጨዋታው እንዲህ ነው። የፈለገ ሁሉ ዋኝቶ ወደ ዓለቱ ይሄዳል። የገደሉ ጥላ ውሃውን ሲነካ በሻኛው ላይ ተቀምጦ የተገኘ የዓመቱ አለቃ ነው። ቡጢ ይፈቀዳል፣ ክርን ይፈቀዳል፣ ጎትቶ ማስመጥ ይፈቀዳል። ብረት፣ ድንጋይና ጥርስ ክልክል ነው፤ ዓይን ክልክል ነው። አንድ ሌላ ሕግ አለ፤ የዚህ ታሪክ ነገርም እሱ ላይ ነው። ተይዞ የሰጠመ ሰው በመዳፉ የውሃውን ፊት ሦስት ጊዜ ከመታ ወዲያው ይለቀቃል፤ ከጨዋታውም ይወጣል። ምቱ በወዲህኛው ዳር ሽማግሎቹ እስከ ተቀመጡበት ሌላ ሾላ ድረስ ይሰማል፤ ስለዚህ «ውሃው ይመስክር» ይላሉ።

ጣሊያን በወጣ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በዚያው በጥር፣ ጁነይዲ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ሩቅያ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች። ያንን አለቅነት የፈለገውን ያህል ሌላ ነገር ፈልጎ አያውቅም። የሚፎካከረው ቢሻው ነው። ቢሻው የባለርስት ልጅ፣ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ትንሽ አፈኛ ሰው ነበር፤ ክፉ ግን አልነበረም። ልጅ ሆነው አብረው ዋኝተዋል፣ አብረው ዓሣ ጠብሰው በልተዋል። እናቱ እመት አመተ ሥላሴ ባሏ የሞተባት፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማትጠፋ ሴት ናት፤ ቢሻውና ታናሹ ዋሴ ዓይኖቿ ናቸው።

ከጨዋታው በፊት በነበረው ምሽት ጠላ ተጠጥቶ ነበር። ቢሻው ሰው በተሰበሰበበት ጁነይዲን ትከሻውን መታ አደረገውና፣

«አንተ እኮ ዓሣ ነህ» አለው። «ዓሣ ጎበዝ ነው፣ ምን ይወጣለታል። ርስት ግን የለውም!»

ሰው ሳቀ። ጁነይዲም ሳቀ፤ ቃሉን ግን ይዞት አደረ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ቢሻው የተናገረውን እዚያው ረሳው፣ ሄዶም ተኛ።

በማግስቱ ሃያ ሰባት ሰው ወደ በሬው ዋኘ። ባሕሩ በአንድ ጊዜ የከብት መጠጫ መሰለ። አንዱ ቅንድቡ ተተርትሮ ወጣ፣ አንዱ ጣቱ ተሰብሮ ወጣ፣ አንዱ ደግሞ ሦስት ጊዜ መትቶ እያስታወከ በሰው ትከሻ ተደግፎ ወጣ። ሰው በወጣ ቁጥር ዳር ያለው ይጮኻል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓለቱ ላይ ሁለት ሰው ቀረ።

ቢሻው ሻኛው ላይ ነው፣ ጁነይዲ ከታች። ጁነይዲ ሊወጣ ሲል ቢሻው በክርኑ አፉን ብሎት ሁለት ጥርሱን አወለቀው። ጁነይዲ ጥርሱን ከደሙ ጋር ተፋና ተመለሰ። ቢሻው በተረከዙ ትከሻውን ደቃው። ተመለሰ። ጥላው ከውሃው ሊገናኝ የክንድ ያህል ቀርቶታል። ያን ጊዜ ጁነይዲ ወደ ታች ጠለቀ፣ ከዓለቱ ጀርባ ዞረ፣ የቢሻውን ቁርጭምጭሚት ያዘና በሙሉ ክብደቱ ጎተተው። ቢሻው በደረቱ ዓለቱ ላይ ወደቀ፤ የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ጁነይዲ ድምፁን ሰምቷል። ሁለቱም ሰጠሙ።

ከውሃው በታች የሆነውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጁነይዲ በክንዱ አንገቱን አነቀ፣ በእግሮቹ ወገቡን ቆለፈ። የቢሻው ግራ እጅ በዓለቱና በገላው መካከል ተጣብቃለች፤ ቀኝ እጁ ነፃ ናት፣ ግን ወደ ላይ አትደርስም። ስለዚህ ያቺ እጅ የምትችለውን አደረገች። የጁነይዲን ጭን መታችው። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ተሰማው። ጥርት ብሎ ተሰማው። በልቡም እንዲህ አለ፦ ሕጉ የውሃው ፊት ነው የሚለው፤ ይህ አይቆጠርም። አንድ ትንፋሽ ይቆይ፤ ዓሣ ርስት እንዳለው ይወቅ።

አንዱ ትንፋሽ ሁለት ሆነ። በሦስተኛው ላይ በክንዱ ውስጥ ያለው ሰው ለሰለሰ።

ጁነይዲ እየጮኸ አወጣው። ቁልቁል ዘቅዝቀው ሆዱን ቢጫኑት፣ ጀርባውን ቢመቱት፣ ውሃው ወጣ፣ ነፍሱ ግን አልተመለሰችም። እመት አመተ ሥላሴ አሸዋው ላይ ተንከባለለች፤ ፊቷን በጥፍሮቿ ቦጨቀችው። ዋሴ ካራውን መዝዞ ሲሮጥ አራት ሰው ተረባርቦ ያዘው፣ ከአራቱም ሁለቱን አቆሰላቸው። የቢሻው ዘመዶች ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። በዚያች ቅጽበት አንድ ሰው ቢያስነጥስ ኖሮ ወንዙ ቀልቶ ይፈስ ነበር።

በመካከል ሁለት ሽማግሌ ቆሙ። አንደኛው መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ናቸው፤ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ጉልበታቸውን ሊታጠቡ የወረዱ፣ እርጥብ ነጠላቸውን እንደ ለበሱ ከምንጩ ወጥተው የመጡ። ሁለተኛው የወገዳው ሼህ ታሂር ናቸው። ሾላው ሥር ተቀምጠው የተሰበሰበውን ሰው ጠየቁ፦ ቢሻው ውሃውን ሲመታ ያየ አለ? የሰማ አለ? አንድም የለም። ከዚያ ሼህ ታሂር ቁርዓኑን አምጥተው ለጁነይዲ ዘረጉለት።

«መታ ወይስ አልመታም?» አሉት መሪጌታ።

ጁነይዲ አፉ ደም በደም ሆኖ እጁን ጫነ። «እጁ የውሃውን ፊት ሲመታ አላየሁም፣ አልሰማሁም። ወላሂ።»

እያንዳንዷ ቃል እውነት ነበረች። ከውሸት የምትከፋ እውነት አለች፤ ያቺ ናት።

ተፈረደ። የጨዋታ ሞት ነው፣ ደም አይፈለግበትም ተባለ። ዘመዶቹ ጠመንጃቸውን አወረዱ። ዋሴ ካራውን ወደ ሰገባው መለሰ፤ ዓይኑን ግን ከጁነይዲ ላይ አላነሳም። ጁነይዲ የመሻገሪያው አለቃ ሆነ።

ሳምንት ሳይሞላ ሩቅያ ከገበያ ተመልሳ ቅርጫቷን ሳታወርድ፣

«ቢሻውን ፍትሐት ከለከሉት» አለችው።

«ምን ማለት ነው?»

«ሳይፈቱት ቀበሩት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ቁልቋሉ ሥር። ሦስት ጊዜ ቢመታ ይድን ነበር፤ እያወቀ አልመታም፤ ስለዚህ ራሱን የገደለ ነው አሉ መሪጌታ። ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለውም አሉ። እናቱ ከጉድጓዱ አልነሳም ብላ እዚያው ናት።»

ጁነይዲ ተቀመጠ። እኔ ስለዚህ ሰው ሳስብ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ መሐላው እንዲህ እንደሚዞር አላወቀም። እሱ የራሱን ደም ሊያድን ነው የማለው። በዚያች ቃል አንድን ክርስቲያን ከሞተ በኋላ ሁለተኛ እንደ ገደለው ማን ይንገረው? መናገር ማለት ደግሞ አንገቱን ለዋሴ ካራ መስጠት ነው፤ ሚስቱ እርጉዝ ናት። ሆድ ይፍጀው አለ።

የአገሩ ጎረምሳ ደግሞ ነገሩን ጀግንነት አደረገው። በየሠርጉ፣ በየደቦው እንዲህ ይፎከር ጀመር፦

«ሦስት ጊዜ ምታ ቢለው ባላጋራ፣
ውሃ ጠጥቶ ሞተ ቢሻው የማይፈራ።»

እመት አመተ ሥላሴ ይህን በሰማች ቁጥር ጆሮዋን በነጠላዋ ትይዛለች። ፎካሪው ልጇን ያወድስላት መስሎታል፤ እሷ የምትሰማው ልጇ በትዕቢቱ ነፍሱን እንደጣላት ነው። እሑድ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሳ ስትወጣ አጥሩን ዞራ ቁልቋሉ ሥር ትቀመጣለች።

ሰባት ዓመት አለፈ። ጁነይዲ በየጥሩ በሬውን ያዘ። ጨካኝ ሆነ፤ የሰው አገጭ ሰበረ፣ ትከሻ አወለቀ፣ አንዱን ከዓለቱ ላይ ወርውሮ ጆሮውን አደነቆረው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ይዞ አልሰጠመም። ፊቱን ውሃ ውስጥ ከሚነክር ጥርሱን ቢያወልቁት ይመርጣል። ሰዎች ገረማቸውና «ደረቁ በሬ» የሚል ስም አወጡለት። ሦስት ልጆች ወለደ፤ አንዳቸውንም ዋና አላስተማረም። ሩቅያ ለምን ብትለው አንድ ጊዜ ብቻ በጥፊ መታት፤ ከዚያ በኋላ ጠይቃው አታውቅም።

በሰባተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ በሽሎ አፉን ከፍቶ ሲመጣ፣ ዋሴ ቁልቁለቱን ወርዶ ከመሻገሪያው ደረሰ። ውሃው ቡና የመሰለ፣ የተነቀለ ዛፍና የሞተ ላም የተሸከመ ነበር። ዋናተኞቹ ሁሉ «ዛሬ አይሆንም» አሉት። ዋሴ አለፋቸውና ሰባት ዓመት ያላናገረው ሰው ፊት ቆመ።

«አሻግረኝ» አለው።

«ውሃውን አላየኸውም?»

«እናቴ ማዶ ናት፣ እህቴ ተዋበች ዘንድ። ልጠይቃት ብላ ሄዳ ታመመች። አትተርፍም ብለው ልከውብኛል።»

«ነገ ይጎድል ይሆናል።»

«ነገ አትቆየኝም» አለ ዋሴ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ምን ብላ እንደ ላከች ታውቃለህ? ስሞት ከቢሻው ጎን፣ ከአጥሩ ውጭ ቅበሩኝ። ሳይፈቱኝ ቅበሩኝ። ልጄ በሌለበት ቅጥር አልገባም ብላለች። ሳትሞት ደርሼ ቃሏን ላስለውጣት ነው። አንተ ካላሻገርከኝ ራሴ እገባለሁ፤ ዋና ደግሞ አልችልም።»

ጁነይዲ ወንዙን ሽቅብ ቁልቁል አየ። ከዚያ ስልቻውን አነሳና መንፋት ጀመረ። ዋሴ ልብሱን ሲጠቀልል ካራውን መካከሉ ላይ ሲያስገባ አይቶታል። አይቶም መንፋቱን ቀጠለ።

ገቡ። እስከ ሩብ ወንዝ ደህና ሄዱ። ዋሴ ስልቻውን አቅፎ ሾላዋን እያየ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ያነበንባል። መካከል ላይ ሲደርሱ ከላይ የመጣ ግንድ በጎን መታቸው። ስልቻው ፈነዳ፤ የጁነይዲ ግራ ትከሻ ከቦታው ወለቀ። ዋሴ ሰመጠ። ጁነይዲ በአንድ እጁ ፀጉሩን ይዞ አወጣው፤ ውሃው ሁለቱንም እየዘረጠጠ ወስዶ ከአንድ ጠንካራ ነገር ጋር አላጋቸው። በሬው ነው። በጎርፉ ከመዋጡ የተነሣ ከሻኛው የሚታየው የመዳፍ ያህል ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ተንጠለጠሉ።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ዋሴ ዙሪያውን አየና፣

«እዚህ ነው?» አለ።

«እዚህ ነው።»

ዋሴ ዓለቱን አጥብቆ ያዘ። ጁነይዲ ግን የሴትዮዋ መልእክት በጆሮው ውስጥ ይጮህበታል፤ ከጎርፉ ይልቅ እሱ ይጮህበታል። እሷ ከአጥሩ ውጭ ከተቀበረች የገደለው ሁለት ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ነው።

«ዋሴ፣ ስማኝ» አለው። «ወንድምህ መትቷል።»

«ምን?»

«መትቷል። እጁ ወደ ላይ አልደረሰለትም። ውሃው ውስጥ ጭኔን መታኝ፣ ሦስት ጊዜ። ተሰምቶኛል። አለቀቅኩትም።»

ዋሴ በመጀመሪያ ያልገባው መሰለ። ከዚያ ዓለቱን ለቀቀና በሁለት እጁ ጉሮሮውን ያዘው። ዋና የማይችል ሰው በጎርፍ መካከል ይህን አደረገ፤ ራሱን ረስቶ ነበር። በእግሮቹ ወገቡ ላይ ተጠመጠመና በሙሉ ክብደቱ ቁልቁል ደፈቀው። ጁነይዲ ቢፈልግ በአንዲት እጁም ቢሆን ያላቅቀው ነበር፤ ልጅነቱን ሁሉ የተማረው እሱን ነው። አላላቀቀውም። በቀኝ እጁ የዓለቱን ጠርዝ ይዞ፣ ጎርፉ ዋሴን እንዳይወስደው ብቻ አድርጎ፣ ተደፈቀ። ውሃው በአፍንጫው ገባ። ደረቱ ተቃጠለ። ይበቃኛል አለ በልቡ፤ ሩቅያ ልጆቹን ታሳድግ።

እጁ ግን አላማከረውም። የተጎዳችው ግራ እጁ፣ ትከሻዋ የወለቀው፣ ከውሃው በታች በራሷ ተነሣችና የዋሴን ጭን መታች። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ዋሴ ለቀቀው።

ጁነይዲ እየተናነቀ ብቅ ሲል ዋሴ በአንድ እጁ ዓለቱን አቅፎ፣ ፊቱ በእንባ ይሁን በጎርፍ ሳይታወቅ፣ አፍጥጦ ያየዋል። «ይሰማል!» አለና በቡጢ አፉን አለው። «ይሰማል!» አለና ደገመው። «በዚህ ሁሉ ጎርፍ ይሰማል! እኔ ሰማሁ! አንተ እንዴት ሳትሰማ?»

«ሰምቻለሁ አልኩህ እኮ» አለ ጁነይዲ ደሙን እየተፋ።

ዋሴ ለሦስተኛ ጊዜ እጁን አነሣ፤ አልመታውም። «አሻግረኝ» አለው። «ይህን ቃል ለእሷ ትነግራታለህ። ከዚያ ወዲያ የማደርግህን እኔ አውቃለሁ።»

በአንድ ክንዱ አሻገረው። እንዴት እንዳሻገረው እሱም ኋላ ሲጠየቅ አያውቅም። ከሾላዋ ብዙ ርቀው፣ ማዶ እሾህ ውስጥ ወጡ። ዋሴ ከራሱ ላይ ጥቅሉን ፈታ፤ ካራው አልወደቀም ነበር። ጁነይዲን ከፊት አስቀድሞ ዳገቱን ወጡ።

እመት አመተ ሥላሴ መደቡ ላይ ተጋድማለች፣ ዓይኗ ብቻ የቀረ ሴት ሆናለች። ተዋበች ከራስጌዋ ቆማ ያንን ሰው ስታይ በድንጋጤ ጮኸች። ጁነይዲ ከደጁ አላለፈም። ከገላው ውሃና ደም እየተንጠባጠበ፣ ግራ እጁ ተንጠልጥሎ፣

«እመቴ፣ ቢሻው መትቷል» አላት። «ከውሃው በታች መታኝ። ሰምቼ ዝም አልኩ። ራሱን አልገደለም፤ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ራሷን ከትራሱ ቀና አደረገች።

«ሦስቱንም መታ?» አለች።

«ሦስቱንም።»

«እንግዲያ ልጄ መኖር ፈልጎ ነበር።» ይህን ብላ አለቀሰች፤ ሰባት ዓመት ያላለቀሰችውን ለቅሶ። ተዋበችም አብራ አለቀሰች። ሲወጣላት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወስዳ ጠረገችና ወደ ደጁ ተመለከተች። «አንተን እግዚአብሔር ይማርህ። እኔ ግን ገና ነኝ» አለችው። ለዋሴም፣ «ካራህን አስቀምጥ። ይህ ሰው ካህናቱ ፊት ሳይናገር አይሞትም» አለችው።

ተናገረ። ውሃው ሲጎድል፣ በመስከረም፣ ያገሩ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሼህ ታሂር ባሉበት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ አንድ በአንድ ተናገረ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ሰምተው ሲጨርሱ በመቋሚያቸው ሁለት ጊዜ ጀርባውን መቱት፤ ከዚያ ተቀምጠው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ጠመንጃ እንደ ገና ተቀባበለ። ሽማግሌ ገባ፣ ቀናት ፈጀ። በመጨረሻ ጁነይዲ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ በጉልበቱ ሄዶ ዋሴ እግር ላይ ወደቀ። ዋሴ ከብትም ብርም አልፈልግም አለ። ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛው ውሃውን እንዲለቅ ነው፤ እስኪሞት ድረስ ወንዝ ውስጥ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ እንዳይረጥብ። ኢሳ ማንም አይነቅለውም ያለውን ርስት የነቀለው ልጁ ራሱ ሆነ። ሁለተኛውን እነግራችኋለሁ።

በጥቅምት የቢሻው አጽም ከቁልቋሉ ሥር ወጣ። ፍትሐቱ ተደርሶለት፣ ካህናቱ እያዜሙ፣ ወደ ቅጥሩ ውስጥ ገባ። እናቱን በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። ጁነይዲ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ዜማው ከውስጥ ሲሰማ እሱ ባዶውን ጉድጓድ በአንድ እጁ አፈር እየዛቀ ደፈነው። እመት አመተ ሥላሴ በኅዳር ሞተች፤ ከልጇ ጎን፣ ከአጥሩ ውስጥ ተቀበረች።

የዋሴ ሁለተኛ ጥያቄ ይህ ነበር። በየጥሩ፣ በሬ ከመያዙ በፊት፣ ጁነይዲ ሾላው ሥር ይቀመጣል፤ ወደ ውሃው የሚገባ ሁሉ በፊቱ እያለፈ ጭኑን ሦስት ጊዜ ይመታዋል፤ እሱም «ተሰማኝ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ማንም ከውሃ በታች የተመታሁት አልተሰማኝም ሊል አይችልም። ሠላሳ ሰው ቢገባ ዘጠና ምት ነው፤ ጎረምሳ ደግሞ ሲመታ አይራራም። ጁነይዲ ጥርሱን ነክሶ «ተሰማኝ» ይላል፣ ለአሥር ቀን ያነክሳል። በበሬው ላይ ግን ከዚያ በኋላ ሰው አልሞተም።

ዋሴ አይዋኝም፣ አይጫወትም። ሁልጊዜ ግን መጨረሻ ላይ ይመጣና ይመታል፤ ከሁሉም የሚያመው የእሱ ነበር። እንዲህ ሆኖ ሃያ አንድ ጥር አለፈ። በመጨረሻው ጥር ጁነይዲ ዓይኑ ፈዝዞ፣ ገላው አልቆ፣ በልጁ ተደግፎ ነው የወረደው። ጎረምሶቹ አለፉ፣ እሱም ለእያንዳንዳቸው መለሰ። ከሁሉም በኋላ ዋሴ መጣና ተንበረከከ። እጁ ጭኑን መንካቱን አጠገብ የቆሙት እንኳ አላስተዋሉም፤ ገና ነው ብለው ይጠብቁ ነበር።

«ተሰማኝ» አለ ጁነይዲ።